ሁለት ደቂቃ በሮክቪል፦ የአየር ንብረትን ጉዳይ ለካውንቲ ምክር ቤት ማቅረብ

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አፓርታማ የሚያከራይ ሰው ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ የተከራዩ ቤት ሙቀት ከ80 ዲግሪ ፋራናይት እንዳያልፍ የማድረግ ግዴታ አለበት። በሴልሺየስ ወደ 27 ዲግሪ መሆኑ ነው። በሐምሌ ሙቀት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ «ነገ ይሠራልሃል፣ ከነገ ወዲያ ይሠራልሃል» እያለ የሚያመላልስ አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው። ይህን ሕግ በ2020 ያወጣው ኮንግረስ አይደለም፤ አናፖሊስ የሚቀመጠው የስቴቱ ሸንጎም አይደለም። ሮክቪል ከተማ የሚሰበሰበው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ፓሪስ ስምምነት፣ ወደ መሪዎች ጉባኤ፣ ወደ ዋይት ሐውስ ነው። እዚያ የተባለውን በዜና እንሰማለን፤ አንዳንዴም ተናድደን ቴሌቪዥኑን እንዘጋለን። ነገር ግን ሞንትጎመሪ ውስጥ ወደ አየር ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ሕንፃዎች ከሚጠቀሙት ኃይል ነው፤ 40 ከመቶ ገደማው ደግሞ ከመኪናና ከሌላ መጓጓዣ። ሕንፃ በምን ይሞቅ፣ አውቶቡስ በየት ይለፍ፣ የጎርፍ መውረጃ የት ይቆፈር የሚለውን የሚወስኑት ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ከኋላዎ ቆመው ሊያገኟቸው የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ይህችን ካውንቲ ለማሳያ የመረጥኩት ለኛ ሰው ቅርብ ስለሆነች ነው። በ2020 ቆጠራ 1,062,061 ሕዝብ ነበራት። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ከአገር ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ካውንቲዋ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ናት፤ መንግሥቷ ለነዋሪው መረጃ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች መካከልም አማርኛ አለ። በሌላ በኩል በአየር ንብረት ጉዳይ ቀድመው ከተነሱት አካባቢዎች ተርታ የምትመደብ ናት። በሜልቦርን ያለው የዳረቢን ምክር ቤት በዲሴምበር 2016 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ አውጆ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ሞንትጎመሪ ዲሴምበር 5 ቀን 2017 ተከተለች። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል የደረሰችበት ኖቬምበር 2018 ነው።

የትኛውን በር?

ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት። ሰባቱ በየወረዳቸው ይመረጣሉ፤ አራቱን የመላው ካውንቲ ሕዝብ ይመርጣቸዋል። ስለዚህ አንድ ነዋሪ ተወካይ ብሎ ሊጽፍላቸው የሚችል አምስት ሰዎች አሉት፦ የወረዳው አንድ፣ የሁሉም የሆኑት አራት። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያውቃል፣ እሱም መልስ ካልሰጠው ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ከምክር ቤቱ ሌላ የሥራ አስፈጻሚው አካል አለ፤ እሱን የሚመራው ካውንቲ ኤግዘኪዩቲቭ የሚባለው ለብቻው የሚመረጥ ሰው ነው። ምክር ቤቱ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፤ ኤግዘኪዩቲቩ በጀት ያቀርባል፣ ሕጉን በተግባር ያውላል፣ ካልተስማማውም ውድቅ ሊያደርግ ይችላል።

በር መሳት እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጉዳይ የትምህርት ቦርዱ ነው። በ2021 የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች 326 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ለማስገባት ውል ሲገቡ የወሰነው ያ ቦርድ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም። የመብራት ታሪፍ ለማስቀነስ የሚሻ ሰው የስቴቱን የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው ማነጋገር ያለበት። ሜትሮ ባቡር ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከዲሲና ከፌዴራሉ መንግሥት በተውጣጣ ቦርድ ይተዳደራል። ራይድ ኦን የሚባለው አውቶቡስ ግን የካውንቲው የራሱ ነው፤ ለዚህም ነው ምክር ቤቱ በጀቱን አጽድቆ ከ2025 ክረምት ወዲህ ተሳፋሪ ያለ ክፍያ እንዲሄድ ማድረግ የተቻለው።

ምክር ቤቱ ሥልጣኑ የት ላይ እንደሚያልቅ ራሱም በችግር ነው የተማረው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ዲከርሰን በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል የሚያነድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። በ2010 ምክር ቤቱ በብዛት በሚለቀቅ ካርቦን ላይ በቶን 5 ዶላር ግብር ጣለ። በካውንቲው ውስጥ ግብሩ የሚነካው ያንን አንድ ማመንጫ ብቻ ነበር። በኋላ ጄንኦን የተባለው ባለቤቱ ኩባንያ ከሰሰ። በ2011 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህ ለገቢ የሚሰበሰብ ግብር ሳይሆን አንድን ድርጅት ለይቶ የሚቀጣ ክፍያ ነውና ክሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል አለ። ምክር ቤቱም ግብሩን ሰረዘው። የከሰል ማመንጫው በኋላ በ2020 ተዘጋ፤ የዘጋው ግን የካውንቲው ግብር ሳይሆን አዋጪ አለመሆኑ ነው። አንድ አባል «ሐሳብዎን እወደዋለሁ፣ ግን ሥልጣን የለንም» ቢልዎ ሁልጊዜ ማምለጫ እየፈለገ ነው ብለው አይደምድሙ። «ታዲያ በሥልጣናችሁ ሥር ያለው የቅርቡ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጭብጨባና ሕግ

የ2017ቱ ውሳኔ ትልቅ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው፤ በካይ ጋዝን እስከ 2027 በ80 ከመቶ፣ እስከ 2035 ሙሉ በሙሉ ማስወገድ። ያን ቀን ለዘመቻው የደከሙት ነዋሪዎች ተደስተው ወጥተዋል፤ ሊደሰቱም ይገባል። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ማሳለፍ ለማንኛውም ምክር ቤት ቀላል ሥራ ነው። ማንንም አያስከፍልም፤ ማንንም አያስቀይም። አከራይ፣ ቤት ሠሪ፣ ጋዝ ሻጭ የሚነቃነቀው «ሕግ» የሚባለው ወረቀት ሲመጣ ነው። በኔ ግምት በየአገሩ ካሉት የአየር ንብረት ዘመቻዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት ጭብጨባ በተሰማበት ቀን ማግስት ነው።

ሞንትጎመሪ ውስጥ ከጭብጨባው እስከ ሕጉ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በጁን 2021 የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብር ወጣ፤ 86 እርምጃዎች አሉበት። ሥራው በሕግ መልክ የመጣው በ2022 ነው። በኤፕሪል 25,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን ደረጃ በደረጃ እንዲያሻሽሉ የሚያስገድድ ሕግ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ከነዳጅና ከኃይል ግብር የሚገኘው ገቢ 10 ከመቶ ለአረንጓዴ ባንክ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ይህ ባንክ ለሕንፃ ማሻሻያና ለፀሐይ ኃይል ብድር የሚያመቻች ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ማንኛውም አዲስ ረቂቅ ሕግ በአየር ንብረት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ተጠንቶ አብሮ እንዲቀርብም ታዘዘ።

ከሁሉም የገነነው ግን ቢል (ረቂቅ ሕግ) 13-22 ነው። በ2022 አጋማሽ ቀርቦ ኖቬምበር 29 በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ማሞቂያው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ምድጃው በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ነው የሚያዘው፤ ለአስተዳደሩ ደንብ እንዲያወጣ የተሰጠው የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሠሩ ቤቶችና ሌሎች የተወሰኑ ሕንፃዎች አንድ ዓመት ተጨምሮላቸዋል። ቆሞ ያለ ቤት ወይም ምግብ ቤት የጋዝ ምድጃ አልተነካም። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ጋዝ ሊከለከል ነው» የሚል ወሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት ላይ ከሕጉ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በእንደዚህ ዓይነት ክርክር «በኤሌክትሪክ ደህና ምግብ አይበስልም» የሚል ሰው አይጠፋም። በየቤቱ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞ እንጀራ ሲጋግር የኖረ ማኅበረሰብ ለዚህ ክርክር የሚያዋጣው የዕድሜ ልክ ልምድ አለው። ያንን አንድ እናት ተነስተው ቢናገሩት ከብዙ ገጽ ጥናት የበለጠ ይደመጣል።

ጊዜው

ረቂቅ ሕግ እንዲህ ነው የሚሄደው። አንድ አባል ወይም ከአንድ በላይ ሆነው ያቀርቡታል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ የሕዝብ አስተያየት ይሰማበታል፤ ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይወርዳል። የአየር ንብረት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የመጓጓዣና የአካባቢ ኮሚቴው ላይ ነው። ኮሚቴው ቃል በቃል እያነበበ ያስተካክለዋል፣ ለሙሉ ምክር ቤቱ ይመልሰዋል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ኤግዘኪዩቲቩ ይፈርምበታል። ሰው የሚጎርፈው ለሕዝብ አስተያየቱ ቀን ነው፤ ሕጉ በእውነት የሚቀረጸው ግን ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰው በሚቀመጥበት የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። «አንድ ዓመት ይራዘም»፣ «ይህኛው ሕንፃ ይቅር» የሚባለው እዚያ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ከዚያ ክፍል አይጠፉም።

ምክር ቤቱ የራሱ ባለሙያዎችም አሉት። ለእያንዳንዱ ስብሰባ የሚያዘጋጁት ማብራሪያ አለ፤ ሕጉን ይተነትናሉ፣ የመጣውን አስተያየት ጠቅሰው ደብዳቤዎቹን ከኋላ ያያይዛሉ። አባላቱ ስብሰባ የሚገቡት ያንን ይዘው ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎ ማብራሪያው ከመታተሙ በፊት ከደረሰ ይነበባል፣ መዝገብ ውስጥም ይገባል፤ በማግስቱ ከደረሰ የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። የቢሉን ቁጥር ርዕሱ ላይ መጻፍ አይርሱ። አንድ የቢሮ ሠራተኛ በቀን የሚመጣለትን ኢሜይል እየለየ «ደጋፊ» «ተቃዋሚ» ብሎ ሲቆጥር ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የት እንደሚያስገባው ይቸግረዋል።

በጀት ደግሞ የራሱ ወራት አሉት። የግንባታው በጀት፣ ማለትም የመንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የሕዝብ ሕንፃ ገንዘብ፣ ጃንዋሪ 15 ይቀርባል። የዓመቱ ሥራ ማስኬጃ በጀት የሚቀርበው ማርች 15 ነው። ኤፕሪል ላይ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፤ ሜይ ከማለቁ በፊት ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ጁላይ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። ጠቅላላው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉም ለትምህርት ይሄዳል። ጁን ላይ መጥቶ «ለሰፈራችን ዛፍ ይተከልልን» የሚል ሰው የሚያገኘው ፈገግታ ብቻ ነው።

ለምን በጀት ላይ ይህን ያህል አተኮርኩ? በሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአውሎ ነፋስ አይዳ ቅሪት ሲያልፍ ሮክቪል ውስጥ አንድ የአፓርታማ ግቢ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ውሃው ምድር ቤት ያሉትን ክፍሎች ሞላ፤ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሞተ፤ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ወጣ። ምድር ቤት የሚከራየው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ አዲስ የመጣ፣ ኪራይ የከበደው፣ ቤተሰብ ለማስመጣት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ነው። የትኛው ጅረት ዳር፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ገንዘብ መውረጃ ይሠራ የሚለው መልስ ያለው የግንባታ በጀቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ሰንጠረዡን ከፍቶ የሰፈሩን ስም የሚፈልግ ነዋሪ ግን ጥቂት ነው።

ሁለት ደቂቃ

ለሕዝብ አስተያየት የሚመዘገበው አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው፤ በአካል ወይም ከቤት ሆኖ በቪዲዮ መናገር ይቻላል። የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይቆረጣል። አስተርጓሚ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በእኛ ባህል ንግግር የሚጀመረው በሰላምታና በምስጋና፣ የሚያልቀውም በምርቃት ነው። ሁለት ደቂቃ ግን ያንን አይችልም። ሰላምታው ብቻ አንዱን ደቂቃ ይበላዋል።

አንድ ሹፌር እንዲህ ቢል በቂ ነው፦ «የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ኡበር እነዳለሁ። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት እፈልጋለሁ፤ የምኖርበት ሕንፃ ጋራዥ ግን አንድም ቻርጀር የለውም። ውጭ ለመሙላት የምሠራበትን ሰዓት አጠፋለሁ። በሕንፃችን እንደኔ የሚነዱ ብዙ አሉ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በዘንድሮው በጀት በቆዩ የኪራይ ሕንፃዎች ቻርጀር ለማስገባት የሚሆን ገንዘብ ይመደብ። አመሰግናለሁ።»

ይህ ንግግር ውስጥ ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ አንድም ቃል የለም። አያስፈልግምም፤ አባላቱ ያንን ያውቃሉ። የማያውቁት የእርሱን ጋራዥ ነው። ንግግሩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚደርስበት፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ተናግሮ ይቀመጣል። «አንድ ነገር አድርጉ» የሚል ተማጽኖ አባሉን ከኃላፊነት ያድነዋል፤ ምክንያቱም የትኛውንም ትንሽ ነገር ሠርቶ አድርጌያለሁ ማለት ይችላልና። አንድ የበጀት መስመር፣ አንድ የቢል ቁጥር፣ አንድ ቀን ጠርቶ የጠየቀ ሰው ግን እሺ ወይም አይሆንም መባል አለበት።

ፊት ለፊት መገናኘትም ይቻላል። የአባሉ ቢሮ ደውለው ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጡዎት ረዳቱን ነው። ይህን እንደ ንቀት አይቁጠሩት። የአካባቢ ጉዳይ የያዘው ረዳት ከአባሉ በላይ ዝርዝሩን ያውቃል፤ ማክሰኞ ጠዋት ከስብሰባ በፊት አባሉ ጆሮ ላይ የሚያወራውም እሱ ነው። እርቅ ሲፈለግ አንድ ሰው ብቻውን እንደማይሄድ፣ የሚደመጡ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ተመርጠው እንደሚላኩ ሁሉ እዚህም አንድ ተከራይ፣ አንድ ባለ ሱቅ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ መሄድ ብቻውን ከሄደ ኢንጂነር ይሻላል። አባሉ በዓይኑ የሚቆጥረው የመጣውን የሕዝብ ዓይነት ነው።

ፍርሃታችን

«እኔ ዜጋ አይደለሁም» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ለምክር ቤቱ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም፤ የስደት ወረቀትም አይጠየቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ስብሰባው ይቀረጻል፣ በይፋ ይተላለፋል፣ ደብዳቤም የሕዝብ መዝገብ ይሆናል፤ ይህ የሚያሳስበው ሰው በማኅበሩ በኩል ቢናገር አይወቀስም። በካውንቲው ውስጥ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች፤ በ2013ም ከ16 ዓመት ጀምሮ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆናለች። ታኮማ ፓርክ የሚኖር አረንጓዴ ካርድ ያለው ሰው በከተማው ምክር ቤት አባል ላይ ያለው ኃይል ከማንም ያላነሰ ነው፤ አይጠቀምበትም እንጂ።

ሁለተኛው ፍርሃት የማኅበራት ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር፣ የማኅበረሰብ ማዕከል ሲነሳ «ፖለቲካ ውስጥ አንገባም፣ ፈቃዳችን ይነጠቃል» ይባላል። የአሜሪካ ሕግ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚከለክለው እጩን መደገፍ ወይም መቃወም ነው። በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ አቋም መያዝና ለምክር ቤት መንገር ግን ከጠቅላላ ሥራው ጉልህ ድርሻ እስካልወሰደ ድረስ ይፈቀዳል። በክፍያ ለሌላ የሚያግባባ ሰው ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ሲሆን በካውንቲው የሥነ ምግባር ኮሚሽን መመዝገብ አለበት፤ ስለ ራሱ ጉዳይ የሚናገር ነዋሪ ግን ምንም ምዝገባ የለበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምዕመኑ ቡና እየጠጣ ደብዳቤ ቢፈርም ማንም አይቀጣውም።

ሦስተኛው ፍርሃት እኔም የምጋራው ነው፤ ወጪው በመጨረሻ ተከራዩ ላይ እንዳይወድቅ። የ2022ቱ የሕንፃ ሕግ አከራይ የማሞቂያ ሥርዓቱን እንዲቀይር ካስገደደው ገንዘቡን ከማን ይሰበስባል? ካውንቲው በ2023 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አውጥቷል፤ ጭማሪው የኑሮ ውድነቱ ላይ 3 ከመቶ ተደምሮ፣ ከ6 ከመቶ ሳይበልጥ ነው። ነገር ግን አከራይ ትልቅ ማሻሻያ ሲያደርግ ተጨማሪ ክፍያ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። የአየር ንብረት ተሟጋቾች በአንዱ ስብሰባ፣ የተከራይ መብት ተሟጋቾች በሌላው ስብሰባ እየተቀመጡ ይህን ክፍተት የሚያየው አከራዩ ብቻ እንዳይሆን፣ ሁለቱንም ጫፍ የሚይዝ ነዋሪ ያስፈልጋል። ያ ነዋሪ ብዙ ጊዜ የኛ ሰው ነው። ባለ ሱቆችም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ከ2012 ጀምሮ ለከረጢት አምስት ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ደግሞ የፕላስቲኩ ቀርቶ ወረቀቱ አሥር ሳንቲም ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ለባለ ሱቁ ስንት ይቅር የሚለውም በምክር ቤት የሚወሰን ነገር ነው።

በ«አረንጓዴዎቹ» መካከልም ስምምነት ሁልጊዜ የለም። ካውንቲው ከ1980 ጀምሮ ለእርሻ ብሎ የከለለው 93,000 ኤከር መሬት አለ። እዚያ ላይ የፀሐይ ኃይል መትከል ይፈቀድ አይፈቀድ ሲባል ከ2020 እስከ 2021 መጀመሪያ ሙግቱ አልበረደም። አንዱ ወገን ንጹሕ ኃይል ካልፈጠርን እርሻውም በድርቅና በጎርፍ ይጠፋል አለ፤ ሌላው ደህናውን አፈር በመስተዋት አንሸፍንም አለ። ምክር ቤቱ በጥብቅ ገደብ ፈቀደ፤ ጥሩ አፈር ያለበት አብዛኛው መሬት ከፈቃዱ ውጭ ሆነ። ሁለቱም ወገን አካባቢን ወዳድ ነው። እኔ ብሆን ገደቡን አላላው ነበር፤ ግን የገበሬዎቹን ክርክር የሰማ አባል ለምን እንደተወላወለ ይገባኛል። አባሉን ሲያነጋግሩ የሌላውን ወገን ጥያቄ ቀድመው አንስተው ቢመልሱለት ያመሰግንዎታል። እሱ ያንን ጥያቄ በሚቀጥለው ቀጠሮው ነው የሚሰማው።

ከድምፁ በኋላ

ሕግ ሲጸድቅ ፎቶ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል። ከዚያ በኋላ ደንብ የሚባለው አለ። ሕጉ «በዚህ ቀን ይሁን» ይላል፤ በስንት ደረጃ፣ በማን ቁጥጥር፣ በምን ቅጣት የሚለውን ደንቡ ነው የሚሞላው። ደንቡን አስተዳደሩ ያረቅቃል፣ ለሕዝብ አስተያየት ያወጣል፣ ወደ ምክር ቤቱ ይልካል። ያን ጊዜ አስተያየት የሚልከው በአብዛኛው ሕጉ የነካው ድርጅት ነው፤ ሕጉን የፈለገው ነዋሪ አልፎ ሄዷል።

ምክር ቤቱ ለ2027 የገባው የ80 ከመቶ ቃል ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ኤፕሪል ለበጀት አስተያየት የሚመዘገብ ሰው ይዞት የሚገባ ጥያቄ ቢያጣ እኔ አንድ ላውሰው፦ በ2021 መርሐ ግብር ካሉት 86 እርምጃዎች በዚህ በጀት ገንዘብ የተመደበላቸው የትኞቹ ናቸው፣ ያልተመደበላቸውስ? ጥያቄው በአማርኛ ተጽፎ ቢመጣም ከመዝገብ ይገባል። መልሱ በቃል ከተሰጠዎ በጽሑፍ እንዲላክልዎ የመጓጓዣና የአካባቢ ኮሚቴውን ባለሙያ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ለአምስቱም ተወካዮችዎ ይላኩ።